የክንዴ አጥንት ሲድን የጉልበቴ ልም አጥንት ለምን አልዳነም?

ጥያቄ፦ በአንድ አደጋ የተሰበረው የክንዴ አጥንት በጀሶ ታስሮ በ7 ሳምንት ሲገጥም፣ በዚያው ዕለት የተጎዳው የጉልበቴ ልም አጥንት (የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል) ግን ዓመት አልፎትም ደረጃ በወረድሁ ቁጥር ያመኛል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1፦ ዋናው ነገር ደም ነው። አጥንት ድንጋይ ቢመስልም የደም ሥሮች በቀጫጭን ቦዮች የሚያልፉበት ሕያው አካል በመሆኑ፣ ሲሰበር ደም በስብራቱ ዙሪያ ይረጋና አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም፤ ጥቂት ሕዋሳቱ ምግባቸውን የሚያገኙት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን፣ ሲራመዱ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀ መልሶ ይመጠዋል። ስለዚህ ጉልበትን ፈጽሞ አለማንቀሳቀስ አይጠቅመውም።

መልስ 2፦ ልም አጥንት ነርቭም የለውም። የሚሰማዎት ሕመም ከሥሩ ካለው አጥንትና ከመገጣጠሚያው ሽፋን የሚነሣ ነው።

መልስ 3፦ የሚገርመው፣ ክንድዎ ሲገጥም ስብራቱን በመጀመሪያ ካያያዙት ነገሮች አንዱ ራሱ ልም አጥንት ነበር፤ ካልሲየም የገባበትና በአጥንት የተተካው በኋላ ነው። የካልሲየምን ድርሻ ለማየት የዶሮ አጥንት ለጥቂት ቀናት በኮምጣጤ ይዘፍዝፉ፤ ማዕድኑ ሟሙቶ ኮላጅኑ (ተጣጣፊው የፕሮቲን ክር) ብቻ ስለሚቀር እንደ ጠፍር ይተጣጠፋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ከበግ ቅልጥም ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭና ሙልጭልጭ ነገርም ይኸው ልም አጥንት ነው?

መልስ 3፦ አዎን፣ እሱው ነው።