ስቴካዬ ጸናጽል ሆኖብኛል፤ መላ በሉኝ

የገርጂው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ሰላም የፑል ወዳጆች። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ካዛንቺስ የነበረው ፑል ቤታችን ከሰፈሩ ጋር ከፈረሰ ወዲህ እኔና ሦስት ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ገርጂ ነው የምንጫወተው። ጠረጴዛው ደህና ነው። ስቴካዎቹ (ኳስ የምንመታባቸው እንጨቶች) ግን ግማሾቹ ጎብጠዋል፣ ግማሾቹ ጫፋቸው ተልጧል። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ክረምት ላይ መጥቶ ይህን አየና የራሱን ስቴካ ከነቦርሳው ትቶልኝ ሄደ። ለሁለት የሚፈታ ነው። 19 አውንስ ነው ብሎኛል፤ በእኛ 540 ግራም ገደማ።

እስከ ጥቅምት ያለ እንከን ተጫወትኩበት። ከኅዳር ወዲህ ግን ጠንከር አድርጌ ስመታ ከውስጡ «ጥርርር» የሚል ድምፅ ይወጣል። ቀስ ብዬ ስመታ የለም። መጀመሪያ ኳሶቹን ስበትን ደግሞ እጄን ሁሉ ይነዝረኛል። ጓደኞቼ «ዲያቆን» ብለው ስም አውጥተውልኛል፤ ስቴካው ውስጥ ጸናጽል አለ ነው የሚሉት። አንዱማ ተራዬ በደረሰ ቁጥር «ለጸሎት ተነሡ!» ይላል።

ትናንት ማታ ከኋላው ያለውን የጎማ ቆብ ነቀልኩት። መጀመሪያ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አራት አምስት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት! የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ነው፤ ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሷል። እሱን ሳወጣ መንጣጣቱ ባሰበት። ከወረቀቱ ጀርባ፣ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ የብሎን ራስ ይታያል። መሐሉ ላይ ስድስት ጎን ያለው ቀዳዳ አለው። 6 ሚሊ ቁልፍ (እንደ L የታጠፈውን) አስገባሁ። ይገባል፤ ግን ልል ነው፣ ይወዛወዛል። 7 ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ቀዳዳውን እንዳልበላው ፈርቼ ተውኩት።

ይሄ ብሎን ምን ይሠራል? ላጥብቀው ወይስ አውጥቼ ልጣለው? ደረሰኙስ ምንድን ነው?

ፈጣኑ፦

ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አድርግበት። አምስት ደቂቃ ጠብቅ። አለቀ።

ባለ ፑል ቤቱ፣ ከአዳማ፦

ልጄ፣ ሱፐር ግሉውን እርሳው። እኔ ቤት አንድ ልጅ እንደዚያ አድርጎ፣ በኋላ ክብደቱን ሊቀንስ ፈልጎ ብሎኑን ሲታገል ስቴካው ተሰንጥቆ ቀርቷል። የተጣበቀ ብሎን ከእንጨት ውስጥ በሰላም አይወጣም።

ብሎኑ የክብደት ብሎን ይባላል። አብዛኛው ስቴካ ከ18 እስከ 21 አውንስ ነው። ሠሪው እንጨቱን ከኋላ ይበሳና ብረት ይከትበታል፤ የፈለገው ክብደት ላይ እስኪደርስ ረዘም ያለ ወይም አጠር ያለ ብሎን ይመርጣል። አንድ አውንስ 28 ግራም ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ እጅ ግን ያውቀዋል። አውጥተህ ብትጥለው ስቴካው ይቀልልሃል፣ ሚዛኑም ወደ ፊት ይሄዳል። የለመድከው የእጅ ስሜት ይጠፋሃል።

ለምን ላላ ብትለኝ፣ ኅዳር የሚለው ቃልህ ነው የነገረኝ። እንጨት ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይደርቅና ይኮማተራል። ያኔ ብሎኑ የነከሰው ቦታ ይላላል። በየቀኑ የሚመታ ነገር ደግሞ በትንሽ በትንሹ ይፈታል።

ግን ከመንካትህ በፊት ድምፁ ከዚያ መሆኑን አረጋግጥ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስቴካውን ለሁለት ፍታው። የፊተኛውን ቁራጭ ብቻ በሁለት ጣት አንጠልጥለህ በጣትህ አንጓ ኳ አድርገው። ጥርት ያለ የእንጨት ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ከዚያ የኋላውን እንደዚሁ። ከኋላው ተንጣጣ ማለት ብሎኑ ነው። ሁለቱም ዝም ካሉና ሲገጠሙ ብቻ ከጮኹ መጋጠሚያው ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በጥርስ ብሩሽ ጥረገው። ከፊተኛው ከመጣ ደግሞ ጫፉ አጠገብ ያለው ነጭ ቀለበት ላልቷል። በተረፈ ቁልፉን በተመለከተ ውጭ ያሉት ይንገሩህ፤ የእኛ ቤት ስቴካዎች ወጥ ናቸው፣ የሚፈታ ነገር የላቸውም።

ከቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ የአሜሪካ ስቴካ ከሆነ የአንተ ችግር ሚሊው ነው። 6 ልል ከሆነና 7 ካልገባ ያ ቀዳዳ ሩብ ኢንች መሆኑ ነው፤ 6.35 ሚሊ። ያቺ የ0.35 ሚሊ ልዩነት ናት ቀዳዳ የምትበላው። 6ቱን ደግመህ እንዳታስገባ! አንዳንዱ ስቴካ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብሎን ነው የሚጠቀመው፤ ያንተ ግን ከገለጻህ ሩብ ነው።

ብሎኑ ጠለቅ ስላለ የቁልፉ አጭር ክንድ አይደርስልህም። ረጅሙን ክንድ አስገባና አጭሩን ይዘህ አዙር። ከጠነከረብህ አጭሩን በፒንሳ ያዘው። አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት (የብሎን ሙጫ) ብትጨምር አይላላም። ቀዩን ግን ተው፤ እሱ ያለ እሳት አይፈታም።

ቶርኖ ሠሪው፦

ከቨርጂኒያ ያልከው ወንድሜ፣ ስለ ሩብ ኢንቹ ልክ ነህ። ሎክታይቱ ላይ ግን ላቋርጥህ። እሱ የሚደርቀው አየር ሲያጣና ብረት ሲያገኝ ነው፤ ብረት ለብረት። የክብደት ብሎን ብዙ ጊዜ የሚገባው በቀጥታ እንጨት ውስጥ ነው። እንጨት ላይ በደንብ ሳይደርቅ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ቀዳዳው ውስጥ የብረት ቀለበት ካለ እሺ፤ ከሌለ ግን ቴፍሎን ይበቃዋል። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥማት ነጭ ነገር።

ብሎኑን ሙሉ ለሙሉ አውጣው። ጫፉን ወደ ፊትህ አድርግና ቴፍሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥም፤ በተቃራኒው ከጠመጠምክ ሲገባ ይተረተራል። ሁለት ሦስት ዙር። ከዚያ አጥብቅ። ነገር ግን ብሎኑ የጉድጓዱን መጨረሻ ሲነካ እጅህ ይነግርሃል፤ እዚያ አቁም። ከዚያ ወዲያ የምትጨምራት ሩብ ዙር እንጨት የምትሰነጥቅ ናት። እኛ ጋ የሚመጣው ስቴካ ግማሹ ብሎኑ የላላ ሳይሆን ከመጠን በላይ የጠበቀ ነው።

የገርጂው ሒሳብ ሠራተኛ፦

ጋሼ አዳማ፣ እርስዎ ባሉት መሠረት ፈትቼ አንኳኳሁት። የፊተኛው «ኳ» አለ፣ የኋላው «ኳ ጥርርር»። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «በር ክፈት፣ ሰው መጥቷል» አለችኝ።

ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። አንዱ ባለ ሱቅ ዝገት የበላው የቁልፍ ክምር ያለበት ቆርቆሮ አወጣልኝ። «ሩብ ኢንች» ስለው «ይሄ ሁሉ ሚሊ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። 6 ሚሊ ቁልፌን ይዤ ሄጄ ስለነበር አንድ በአንድ አስተያየሁ። እሷን በትንሹ የምትበልጥ ረጅም ክንድ ያላት አገኘሁ። ቤት መጥቼ ሳስገባት «ቅጭ» ብላ ተቀመጠች። ያን ያህል የተደሰትኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ብሎኑ ያለ ጉልበት፣ በሁለት ጣት ብቻ ተፈቶ ወጣ። ርዝመቱ የሌባ ጣቴን ያህላል። ሰፈር ቅመም ቤት ሚዛን ላይ 58 ግራም መዘነ፤ ሴትዮዋ «ይሄ ደግሞ ምን ቅመም ነው?» አለችኝ። ጉድጓዱን በባትሪ አየሁት፣ ብረት የለውም፣ እንጨት ነው። ስለዚህ ቴፍሎን፣ ሦስት ዙር። ስመልሰው አሁን ያዝ ያዝ ያደርጋል። መጨረሻው ላይ ቀጥ ሲል አቆምኩ፤ የቶርኖ ሠሪው ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር። የጎማ ቆቡ አልገባ ብሎ ሲያስቸግረኝ ጠርዙን ሳሙና ቀባሁት፣ ሰተት አለ። አሁን ሳንኳኳው «ኳ» ብቻ ነው።

ስለ ደረሰኙ የአክስቴን ልጅ ደወልኩለት። «እእ፣ እሱማ እኔም ጋ ይንጣጣ ነበር። ወረቀት ስከትበት ዝም አለ። አልነገርኩህም እንዴ?» አለኝ። አልነገረኝም! ለካ ወረቀቱ ብሎኑን ከጎማው ጋር ጠቅጥቆ ይዞት ነበር የከረመው፤ ሲላሽቅ ነው ድምፁ የተመለሰው። ደረሰኙን በብርሃን አስጠግቼ ያነበብኩት ወተት፣ ሙዝና የድመት ምግብ ይላል። ድመት እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

እሁድ ተጫወትን። «ለጸሎት ተነሡ» የሚለው ጓደኛዬ ሥራ ፈታ። አሁን ደግሞ እሱ የሚይዘው ስቴካ ጮኸብኝ ብሎ ቁልፌን ሊዋሰኝ ነው። የእሱ ግን የቤቱ ስቴካ ነው፣ ወጥ፣ ከኋላው ጎማም የለው።

ባለ ፑል ቤቱ፣ ከአዳማ፦

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ቁልፉን አታውሰው፣ ምንም አያደርግለትም። ጫፉ ሥር ያለውን ነጭ ቀለበት ይዞ ያዙረው። ከዞረለት እሱ ነው። ቀለበቱ ላይ ሙጫ ይቻላል፤ ለባለ ቤቱ ሳይነግር ግን አይንካ።