አስቸኳይ፦ ትረካዬ የዜና ንባብ ሆነብኝ፣ ሙዚቃውም ድምፄን ዋጠው

ማታ_ተራኪ፦ ኧረ ቶሎ ድረሱልኝ! ዛሬ ማታ የሚለቀቅ የ22 ደቂቃ ፖድካስት አለኝ። መልሼ ስሰማው ደረቅ ንባብ ነው፤ ሙዚቃ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አልሰማም። ያለፈውን ክፍል አብዛኛው ሰው 2ኛው ደቂቃ ላይ ጥሎ ወጥቷል። የትኛውን ማይክ ልግዛ?

ቆራጩ፦ ሙዚቃውን ከድምፅህ በ18 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ዝቅ አድርገው። አለቀ።

ጆሮ_ጠቢብ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዓይን ያልገባውን ተመልሶ ያነባል፣ ጆሮ ግን ያመለጠው አመለጠው ነው። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያቆይ፣ ሐረግ ከደራረብክ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይጠብቃል። «በእሳት የወደመው መጋዘን ጠባቂ የነበሩት አዛውንት ልጅ እንደሚናገረው» ለወረቀት ነው። ለጆሮ «መጋዘኑ ተቃጠለ። ጠባቂው አዛውንት ነበሩ። ይሄ ልጃቸው ነው።» ከዚያ የልጁን ድምፅ ልቀቀው። ሊናገር ያለውን ቀድመህ አትንገርበት።

ማታ_ተራኪ፦ እህትህ ነኝ 😀 ማይኩስ?

ሌሊት_ወፍ፦ ማይክ አትግዢ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ቅረቢ፣ ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አዙሪው፤ የ«ፐ» ትንፋሽ በቀጥታ አይመታውም። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍተሽ ፊት ለፊቱ ቅጂ፣ ማስተጋባቱን ይውጥልሻል።

ቀልደኛው፦ ሣጥኑ ውስጥ ገብተሽ ግን እንዳትዘጊው።

አርታኢ_3፦ እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። ሰው በማይክ ምክንያት 2ኛው ደቂቃ ላይ አይወጣም። የመጀመሪያው ደቂቃ ምን አለው?

ማታ_ተራኪ፦ 40 ሰከንድ ሙዚቃ፣ ሰላምታ፣ ከዚያ የእንግዳው የሕይወት ታሪክ።

አርታኢ_3፦ በሉ እንግዲህ! ታሪኩ 2ኛው ደቂቃ ላይም አልጀመረም። አንድ ነገር ሊሆን ሲል ያለውን ቦታ ፈልጊና ከዚያ ጀምሪ፤ ምን እንደሆነ ግን አትንገሪ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ፣ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። የሕይወት ታሪኩን በታትኚው፣ እያንዳንዱ መረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ ይግባ። ሙዚቃውን ደግሞ ከዋናው ዓረፍተ ነገር በፊት አቁሚው። ከሥሩ ካስቀጠልሽው ያ ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ አይለይም።

ድምፅ_አንሺ፦ ሙዚቃውስ? ሙዚቃው!

ቆራጩ፦ ከላይ ብያለሁ እኮ።

ድምፅ_አንሺ፦ ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ግጥም ያለው ከሆነ ከነጭራሹ አውጪው። ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን የድምፅ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ከሙዚቃው ላይ በ3 ዴሲቤል ቀንሺ፣ ቃል ጠርቶ የሚሰማው እዚያ ነው። ከመቅጃው ክፍል 30 ሰከንድ ዝምታ ቅጂና የቆረጥሽበትን ክፍተት በእሱ ሙዪ፤ ፍጹም ባዶ ከሆነ መቆረጡ ያስታውቃል። የመጨረሻውን ፋይል ስታወጪ ስቴሪዮ (ግራና ቀኙ የተለየ ድምፅ) ከሆነ ‑16፣ ሞኖ (አንድ መስመር ብቻ) ከሆነ ‑19 ሉፍስ (የአጠቃላይ የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ)፤ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ‑1 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ሞኖ ነው ስቴሪዮ?

ጆሮ_ጠቢብ፦ እህቴ፣ ይቅርታ። ስክሪፕቱን ቆመሽ፣ ለአንድ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ አንብቢው። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል።

ማታ_ተራኪ፦ መግቢያውን እያፈረስኩ ነው። ቆዩኝ።

ድምፅ_አንሺ፦ ሞኖ ነው ስቴሪዮ?

ቀልደኛው፦ ሣጥኑን ዘጋችው መሰለኝ።