የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ይግባኝ፦ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይበጃል?

ጥያቄ አቅራቢ፦
በሥራ ላይ ተጎድቶ ካሳ የተከለከለ ወይም የተቀነሰበት ሠራተኛ ይግባኙን ራሱ ጽፎ ራሱ ቢከራከር ይበጀዋል፣ ወይስ ጠበቃ ሳይዝ መቅረቡ መብቱን ያሳጣዋል? አቋማችሁን ከነምክንያቱ ብታቀርቡልን።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦
እኔ ሠራተኛው ራሱ ይቅረብ ባይ ነኝ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884፣ ብሪታንያም በ1897 የካሳ ሕግ ሲያወጡ የተጎዳው ሰው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ሳይጠበቅበት እንዲካስ አድርገዋል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ1914 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ሠራተኛው አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን ለቆ በምትኩ ካሳውን በቦርድ በኩል እንዲያገኝ ተደርጓል። ያን ያህል መብት የለቀቀ ሰው ዛሬ ያለ ጠበቃ በሩን ማለፍ አይችልም ከተባለ፣ በለውጡ ያተረፈው ምንድን ነው? የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1964 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 121ም ካሳ የተከለከለ ወይም በመጠኑ ቅር የተሰኘ ጠያቂ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ሲደነግግ ጠበቃ መያዝን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም።

ጠበቃ፦
ስለ ሕጉ አነሳስ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን አሠሪው ወይም የመድን ድርጅቱ ዛሬ ወደ ችሎት የሚመጣው በሕግ ባለሙያ ታጅቦ ነው። ክርክሩም ብዙውን ጊዜ አደጋው ደርሷል ወይስ አልደረሰም በሚለው ላይ ሳይሆን፣ የወገብ ሕመሙን ያመጣው ሥራው ነው ወይስ ቀድሞ የነበረ በሽታ ነው በሚለው ላይ ነው። ሠራተኛው ሕመሙን እንጂ ምክንያቱን መመስከር አይችልም። በአንዳንድ አገሮች የበላይ ይግባኝ ሰሚው አዲስ ማስረጃ ስለማይቀበል፣ በመጀመሪያው ችሎት ያልቀረበ የሐኪም ወረቀት በኋላ ቢገኝም ዋጋ ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው በቅን ልቦናው ይጎዳል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ከጠበቃ በፊት የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ሠራተኛው የይግባኙ ጊዜ እንዳያልፍበት ማመልከቻውን አስቀድሞ ያስገባ፣ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ይጠይቅ፣ ከዚያም የውሳኔውን ደብዳቤ ይዞ የተከለከለበትን ምክንያት ለይቶ ይመልከት። ምክንያቱ የደመወዝ ስሌት ከሆነ የክፍያ ወረቀቶቹ፣ አደጋውን በጊዜው አላሳወቅህም የሚል ከሆነ ደግሞ አብረውት የነበሩ ሠራተኞች ምስክርነት ይናገሩለታል። ክልከላው ሕክምናን የሚመለከት ከሆነ ሐኪሙ የሥራውን ዓይነት፣ የተነሣውን ሸክምና የቀድሞውን የጤና ታሪክ አይቶ፣ ሥራው ሕመሙን አምጥቶ ወይም አባብሶ እንደሆነ ከነምክንያቱ እንዲጽፍለት ጥያቄውን በጽሑፍ ይስጠው። «በሥራ ላይ ተጎድቷል» የሚል አንድ መስመር የሕክምና ወረቀት ጠበቃም ቢይዘው አይረታም። የጥቂት ሳምንታት ደመወዝ ብቻ ለሚያከራክር ጉዳይስ ከካሳው ላይ ለጠበቃ ማካፈል ተገቢ ነውን?

ጠበቃ፦
ለአነስተኛ ገንዘብና ለስሌት ስህተት ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው ዘላቂ የአካል ጉዳት ሲኖርና አሠሪው በአንድ ጊዜ ክፍያ ጉዳዩን እንዝጋ ሲል ነው። እንዲህ ያለው ስምምነት የወደፊት የሕክምና ወጪን አብሮ ሊያስቀር ይችላል፤ ከተፈረመ በኋላም ጉዳዩን እንደገና ማስከፈት እጅግ ይከብዳል። ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ ብቻውን ተከራክሮ ቢመጣ እንኳ፣ ያን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ከማኅበሩም ቢሆን ከነፃ የሕግ አገልግሎት ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብለት።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦
በዚህስ ልዩነት የለንም፤ ማኅበራትም ለዚህ የሚሆን ሰው ሊያሠለጥኑ ይገባል።