ኮሮላዬን ዝቅ ካስደረግኳት በኋላ ከፊት እግሯ “ጧ” የሚል ድምፅ መጣ

መኪናዋ 2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። የአራቱንም እግር ሞላ በአጭር አስቀየርኩ፤ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላለች። አሞርዛተሮቹ (የሞላውን መንጠር የሚያበርዱት) የድሮዎቹ ናቸው። ቁመናዋ አምሯል፣ ድምፁ ግን እረፍት ነሳኝ።

ቆሜ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ከግራ የፊት እግር “ጧ” ይላል። ስፒድ ብሬከር አልፌ ጎማው ወደ ታች ሲወርድም ይደግመዋል። ኮብልስቶን ላይ “ቋ ቋ ቋ” ነው። አስፋልት ላይ ቀጥ ብዬ ስነዳ ምንም የለም፤ ፍሬን ስይዝም አይሰማም።

መካኒኩ መጀመሪያ ቴስቲናውን (የእግሩን የኳስ መጋጠሚያ) ጠረጠረ። በክሪክ አንስተን ጎማውን ወዘወዝነው፤ አይላወስም። የስታቢላይዘር ሊንኮቹን (መኪናዋ እንዳታጋድል የሚይዘውን ብረት ከእግሩ ጋር የሚያገናኙትን) በአዲስ ቀየርን፤ ለውጥ የለም። የብራቾው (እግሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ) ጎሚኒዎችም ደህና ናቸው።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ጓደኛዬ መሪውን ሲያዞር ሞላውን በእጄ ነካሁት። ከመሪው ጋር እኩል መዞር ሲገባው ትንሽ ይያዝና በድንገት ይዘላል፤ ድምፁ የሚወጣው ልክ ያኔ ነው። መኪናዋ ክሪክ ላይ ስትሆን ደግሞ ሞላው ይላላል፣ በእጅ ይንቀሳቀሳል። ከሞላው በላይ ያለው ኩሽኔት (ሞላው ከመሪው ጋር እንዲዞር የሚያስችለው) አልተቀየረም።

መካኒኩ “ስትነዳት ይለቃታል” ይለኛል። ብረት ከብረት እየተጋጨ ምኑ ነው የሚለቀው?

እንደገና ከማስፈታቴ በፊት፣ ችግሩ የላይኛው ኩሽኔት ይሁን ወይስ የድሮው አሞርዛተር ለአጭሩ ሞላ መርዘሙ በምን መለየት እችላለሁ?