ትኋን ከጎረቤት እየመጣብን ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው። ትኋን እንቅልፍ ነስቶናል። ልጄ ጠዋት ስትነሳ ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደረ ቀይ ሽፍታ ይታያል። የፍራሹ ስፌት ላይ የእስክሪብቶ ነጥብ የመሰለ ጥቁር እድፍ አለ፤ የአልጋው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ነጫጭ እንቁላል።

አንሶላውን በፈላ ውሃ አጠብን፣ ከሱቅ የተገዛ መርጫ ረጨን። ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል። መርጫው እንቁላሉን እንደማይጨርስ አውቃለሁ። የኔ ጥርጣሬ ግን ሌላ ነው፦ ግድግዳ ከምንጋራቸው ጎረቤቶች ነው የሚመጣው። በማብሪያ ማጥፊያው ቀዳዳ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱ ግን «እኛ ጋ የለም» ብለው ድርቅ! (ትኋን አለብን ማለት ያሳፍራል መሰለኝ።)

አከራያችን ደግሞ «ይዛችሁት የመጣችሁ እናንተ ናችሁ» ይላሉ። ውላችን በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የሁለት ዓመት ነው፤ ስለ ተባይ ግን አንድም ቃል የለበትም። ታዲያ የማስረጫውን ወጪ ማን ነው የሚሸፍነው? ጎረቤት ሳያስቀይም ሁለቱንም ቤት ባንድ ቀን ያስረጨ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳሳመናቸው ይንገረኝ። ማላታይን የሚባለውን የእርሻ ተባይ ማጥፊያ ርጪ የሚሉኝ አሉ፤ ሕፃን ባለበት ቤት እሱን አልደፍርም።