ልጄን ከወር አበባ ትምህርት ማስቀረት እችላለሁ?

ጥያቄ (እናት፣ በርሚንግሃም)
ሰላም እህቶች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ስለ ወር አበባና ስለ ሕመሞቹ ሊያስተምር እንደሆነ ደብዳቤ ላከልኝ። ወንዶቹም አብረው ይማራሉ ይላል! ልጄ ገና ሕፃን ናት። ከዚያ ክፍለ ጊዜ እንድትቀር መጠየቅ ይቻላል?

መልስ (የሦስት ልጆች እናት፣ ሊድስ)
እህቴ፣ በእንግሊዝ ወላጅ ልጁን ማስቀረት የሚችለው ከወሲብ ትምህርት ነው። የጤና ትምህርት ግን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሆኗል፤ የወር አበባም የሚካተተው እዚያ ውስጥ ነው። በ2025 የተሻሻለው መመሪያ ደግሞ ከባድ የደም መፍሰስንና ኢንዶሜትሪዮሲስን በስም ጠርቶ አስገብቷቸዋል፤ ከመስከረም 2026 ጀምሮ ይሠራበታል።

ቢቻልሽም አታስቀሪያት እልሽ ነበር። ትልቋ ልጄ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ትቀር ነበር። እኔም እናቴ ያለችኝን እደግምላታለሁ፦ «ያለ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል።» ጤና አዳም በቡና፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ አለቀ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እማዬ፣ ከትምህርት የሚያስቀር ቁርጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል ተብለናል» አለችኝ። የማላውቃትን ልጅ እንዳሳደግሁ ያህል አፈርኩ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው። ከ10 ሴቶች አንዷን ገደማ ይይዛል፤ እስኪታወቅም ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ሰው ሐኪሞችን ይወቅሳል፤ እኛ እናቶችስ ስንት ዓመት አዘገየን? እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ሐኪማችንም «ያለ ነው» ብሎ ሸኝቶናል፤ ልክ እንደ እናቴ! በሁለተኛው ቀጠሮ ግን ደብተር ይዘን ሄድን፦ የጀመረበት ቀን፣ በቀን የቀየረችው ሞዴስ ብዛት፣ የቀረችባቸው ቀናት። ያኔ ወደ ማህፀን ሐኪም ላኳት። ደግሞ አደራ፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊያት። ቀጠሮ ስትይዢ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ክፍያ የለውም።

ወንዶቹም ይማሩ። የኔው ልጅ ለእህቱ ሞዴስ ገዝቶ ይመጣል፤ አባቱ እስከ ዛሬ ያንን መደርደሪያ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

መልስ (ነርስ፣ ለንደን)
ጥቂት ልጨምር። የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀኑ ቢዛባ ብዙ ጊዜ በሽታ አይደለም። ሞዴሱ በሰዓት በሁለት ሰዓት የሚሞላ፣ ከ7 ቀን የሚያልፍ ወይም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የረጋ ደም የሚወጣ ከሆነ ግን ቀጠሮ ያዙላት። ደም የበዛባት ልጅ የምትጾም ከሆነ ደግሞ ብረት ሊያንሳት ስለሚችል የደም ምርመራ ጠይቁ። ምስሯን በልታ ወዲያው ሻይ አትጠጣ፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይላት።