የሱቃችን ፌስቡክ 5,000 ጓደኛ ሞልቷል፤ ወደ ፔጅ ልሻገር ወይስ በያዝኩት ልቀጥል?

የመንቆረር ልጅ (ጥያቄ አቅራቢ)፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደብረ ማርቆስ ከተማ ከአባቴ የተረከብኩትን የባህል ልብስ መሸጫ አስተዳድራለሁ። የሱቁን ፌስቡክ የከፈተው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያኔ ወጣቱ ሁሉ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በደቂቃ እየከፈለ የሚጠቀምበት ጊዜ ነበርና፣ ሱቁን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ ስምና የአባት ስም ሰጥቶ መዘገበው። አሁን የጓደኛ ቁጥሩ 5,000 ስለሞላ አዲስ ሰው መቀበል አልቻልኩም። አንዳንዶች ፔጅ (ለድርጅት የሚከፈት የፌስቡክ ገጽ) ክፈቺ ይሉኛል፤ ፔጅ ያላቸው ጎረቤቶቼ ግን የሚለጥፉትን ሰው እንደማያየው ይነግሩኛል። በቆየው ገጽ ደንበኞቼ የሚያነጋግሩኝ እንደ ዘመድ ነው፤ ቀሚስ የሚያዝዙት እንዴት ከረማችሁ ብለው፣ የእናቴን ጤና ጠይቀው ነው። ይህን ሳላጣ ሥራውን ማስፋት የምችለው እንዴት ነው?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ ጥያቄዎ የብዙ ነጋዴ ጥያቄ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ተማሪዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ነበር፤ ለድርጅቶች ፔጅ የመጣው በ2007 ነው። የ5,000 ገደብ የግለሰብ ገጽ ገደብ ሲሆን ፔጅ ይህ የለበትም። ደንቡም የግለሰብ ገጽ ድርጅትን ወክሎ እንዲሠራ ስለማይፈቅድ፣ ገጽዎ አንድ ቀን ቢዘጋ የዓመታት ፎቶና ደንበኛ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፔጅ ይክፈቱ፤ የቆየውን ገጽ ደግሞ በራስዎ ስም አስተካክለው ለጨዋታና ለሰላምታ ያቆዩት።

ጎረቤቶችዎ ያሉት ግን እውነት ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገለጸው፣ አንድ ፔጅ የሚለጥፈው በአማካይ የሚደርሰው ከተከታዮቹ 16 በመቶ ለሚሆኑት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እየቀነሰ ሄዷል። የሚለጠፈው ነገር ሲበዛ መድረኩ ለእያንዳንዱ ሰው እየመረጠ ያሳያል፤ ሰው አስተያየት የሰጠበትንና ለወዳጁ ያጋራውን ያስቀድማል። ስለዚህ የተከታይ ቁጥር መቁጠሩን ትተው፣ ደንበኛ ራሱ ስለ ሱቁ እንዲናገር ማድረጉ ላይ ቢያተኩሩ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ሆትሜይል የተባለ የኢሜይል አገልግሎት ተጠቃሚው በሚልከው ደብዳቤ ግርጌ ነፃ ኢሜይል እንዲከፍቱ የሚጋብዝ አንድ መስመር ብቻ ጨምሮ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አግኝቷል፤ ማስታወቂያውን ያደረሰው ደንበኛው ነው። አንዲት ሙሽራ ፈቅዳ በራሷ ገጽ የለጠፈችው ፎቶ የሱቁን ስም ከያዘ፣ እርስዎ ከሚለጥፉት ብዙ ፎቶ ይልቅ ይታመናል።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦
በተባለው እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በእኛ አካባቢ የባህል ልብስ የሚሸጡ ገጾች አብዛኞቹ ፎቶ ለጥፈው «ለዋጋው በውስጥ መስመር» ይላሉ። የቅዳሜ ገበያ ሻጭ ዋጋ ሲጠየቅ ጆሮህን አምጣ አይልም። ገዢው ዋጋ ካላየ ይጠራጠራል፤ ፊቴን ዓይተው ነው ዋጋ የሚነግሩኝ ብሎ ያስባል፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለው የጎጃም ልጅማ ጨርሶ አይጠይቅም። ነጋዴዎች የሚፈሩት ተፎካካሪ እንዳያይባቸው፣ የክር ዋጋም ሲለዋወጥ የተጻፈው እንዳይዛቸው እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ መጻፍ ሁለቱንም ያቃልላል። ከፎቶው ሥር ጥለቱ የእጅ ወይስ የማሽን መሆኑን፣ ክሩ መነን ከሆነም መነን መሆኑን፣ ሸማኔው ስንት ቀን እንደሚፈልግ ይጻፉ። ጥለቱንም በመብራት ሳይሆን ሱቁ በር ላይ በቀን ብርሃን፣ የክሩ አሠራር እስኪለይ ድረስ ቀርበው ያንሡት። የገዢዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ቀለሙ እንደፎቶው ነወይ የሚል ነው።

ከቡሬ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደንበኛቸው ሁሉ በስልካቸው ውስጥ ብቻ የነበረ ነጋዴዎች ተቸግረዋል። የደንበኞችዎን ስልክ ቁጥር ከትእዛዛቸውና ከልካቸው ጋር በደብተር ይያዙ። ቴሌግራም ቻናልም ይክፈቱ፤ እንደ ፌስቡክ እየመረጠ ሳይሆን የለጠፉትን ሁሉ በቅደም ተከተል ለአባላቱ ያቀርባል።

የመንቆረር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፔጁን በዚህ ሳምንት እከፍታለሁ፤ የቆየውንም በስሜ አስተካክላለሁ። ዋጋ መጻፉ ላይ እናቴ ገና አልተስማማችም፤ በጥር ሠርግ የሚበዙትን ቀሚሶች በመነሻ ዋጋቸው ለጥፌ የሚመጣውን አሳያታለሁ። ሙሽሮቹን ግን ፎቶውን እንዲለጥፉ መቼ ብጠይቃቸው ይሻላል፤ ልብሱን ሲረከቡ ወይስ ከሠርጉ በኋላ?

ጣና ዳር፦
ከሠርጉ በኋላ ነው እህቴ፤ በመልስ ሰሞን። ያኔ ፎቶው በእጃቸው ነው፤ ደስታቸውም ገና አልበረደም። ሲረከቡ ግን የሱቁን ስምና ስልክ የያዘች ትንሽ ካርድ ከልብሱ ጋር ያስቀምጡላቸው።